የሥዕል መጽሐፍ ለስምንተኛ ክፍል

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቴ ወይዘሮ ስንዱ በአጥር በኩል ብቅ ብላ፣ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ነበር የምታስተምሪው?» አለችኝ።

«አማርኛ» አልኳት።

«አማርኛማ ማን የማያውቀው አለ!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል የሚያልቅ አልሆነልኝም። የሥራ ዘመኔን ግማሽ የፈጀሁት አማርኛ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ነገር ላይ ነው። ደራሲ አንዱን ታሪክ እየጻፈ ሳለ ሌላ ታሪክ በስሙ ብቻ ጠርቶ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። የመማሪያ መጽሐፉ «ጠቃሽ ዘይቤ» ይለዋል። የተጠራውን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እዚያ ቦታ ሲደርስ ልቡ ዘለል ይላል። የማያውቀው እንደ ተዘጋ ሱቅ አልፎት ይሄዳል። ይህን ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ አራት ዓመት ልጆች እንዴት እንደማስተምር ስፈልግ ነው ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን ያዳረስኩት። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ ሱሉልታ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ገና ልጅ ነበርኩ። አውቶቡሱ እንጦጦን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ሜዳው ሁሉ በድርቆሽ ክምር ተሞልቶ አየሁና ደስ አለኝ። ብርዱን ያወቅኩት በማግስቱ ነው። ጠዋት ጠመኔ ከመያዜ በፊት እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ካላሞቅኩ ፊደሉ ይጣመምብኝ ነበር። ደመወዝ ለመቀበል አዲስ አበባ ድረስ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴም «ገና አልመጣም» ተብዬ እመለሳለሁ። ስለ ደመወዝ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ዳይሬክተራችን የጥሩ ክፍል ምልክቱ ዝምታ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ ከየትኛው ክፍል ድምፅ እንደሚወጣ ያዳምጣል። የእኔ ክፍል ጸጥ ያለ ስለነበር በጣም ይወደኝ ነበር። ልጆቹ ዝም የሚሉት ግን ስላልገባቸው ነው።

አንድ ቀን ጫልቱ የምትባል፣ ከጫንጮ በኩል የምትመጣ ልጅ እጇን አወጣች። በምንባቡ ውስጥ አንዲት ባላገር ሴት ለአቤቱታ ከተማ ስትሄድ ደራሲው «ንጉሡ ዘንድ እንደ ሄደችው ሸረሪት» ብሏታል።

«ሚስ፣ ሸረሪቷ ንጉሡ ዘንድ ምን ልታደርግ ሄደች?» አለች ጫልቱ።

እኔም አላውቅም። «ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳትና መምህራኑን ሁሉ ጠየቅኩ። የሚያውቅ ጠፋ። ዳይሬክተሩ ደግሞ፣ «ፈተና ላይ አይመጣም፤ እለፊው» አለኝ። ጫልቱ ለጥቂት ሳምንት በገባሁ ቁጥር በዓይኗ ትጠይቀኝ ነበር። መልሱን ሳላገኝላት ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ።

ቡራዩ ያኔ ከተማ ለመባል ገና ነው። በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ከቤቶቹ ጀርባ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ አለ። ክፍል ውስጥ ሆነን የመዶሻው ድምፅ ይሰማናል። አማርኛ የማስተምረው ከመምህር ወንድይራድ ጋር ነበር። እሳቸው በእድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ዱቄት የነጣ ሰው ነበሩ። ቅኔ ቤት ቆይተው ነው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የመጡት።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሸረሪቷን ነገር አጫወትኳቸው። ሳቁና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሸረሪቷማ ልትከስ ነው የሄደችው» አሉኝ። «ቤቴን ጠረጉብኝ ብላ። ችሎቱ እስኪጀመር አዳራሹ ጥግ ላይ ሆና ስትጠብቅ የቤተ መንግሥቱ ጠራጊ መጥቶ እሷኑ ጠርጎ ጣላት።»

ያቺ ባላገር ሴት ከተማ ምን እንደ ገጠማት በአንድ ጊዜ ታየኝ። ታሪኩን ጽፌ ወደ ሱሉልታ በሚሄድ ሰው ለጫልቱ ላክሁላት። ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሌላ አገር ሄዳለች ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

መምህር ወንድይራድ ያን ሲሰሙ፣ «እንግዲህ መልሱ ከጥያቄው በፊት ልጆቹ እጅ መግባት አለበት» አሉ። የሁለታችን ሥራ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ስለ እሳቸው ልማዶች ትንሽ ልበል፤ እኔ መምህር የሆንኩት ከማሠልጠኛው ይልቅ በእነሱ ነውና። ክፍል ሲገቡ ጠመኔያቸውን ለሁለት ይሰብሩና ግማሹን ከተማሪዎቹ ለአንዱ ይሰጡታል። ያን ቀን ግማሹን የያዘው ልጅ በፈለገ ሰዓት ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ይችላል። «ተሳስተሃል» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። «እንዲህ አድርጎ ያነበበም አለ፤ ሌላስ?» ነው የሚሉት። አንድን መጽሐፍ ሁለቴ ያነባሉ። «መጀመሪያ እንደ እንግዳ ነው የማነበው፤ የሰጡኝን እየበላሁ። ሁለተኛ ግን እንደ ኬላ ጠባቂ ነው፤ እዚህ ምን ደብቀሃል እያልኩ» ይላሉ። ጠቃሽ ዓረፍተ ነገር ሲያገኙ ደግሞ እንደ እንግዳ ይቀበሉታል፤ ከየት መጣህ? ምን ይዘህ መጣህ? ለምን ዛሬ መጣህ? ልጆቹን ያስለመዷቸው ሦስቱን ጥያቄዎች ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል።

ትምህርት ቤታችን የውጭ አገር ሰዎች የለገሱት አንድ ሣጥን የሥዕል መጽሐፍ ነበረው። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ጽሑፉ ባዕድ ነው። የአንደኛ ክፍል አስተማሪዎች ሥዕሉን ብቻ ያሳዩበት ነበር። መምህር ወንድይራድ አንዱን አንሥተው ሲያገላብጡ ቆዩና፣ «ጽጌ፣ እንዲህ ያለውን ለራሳችን ብንሠራስ? ልቦለዱ የሚጠራቸውን ተረቶች በሥዕል ብናደርጋቸው፣ ልጆቹ ተረቱን አስቀድመው በዓይናቸው ያዩታል» አሉኝ።

ሠራናቸው። እሳቸው ተረቱን በአጭሩ ይጽፋሉ፣ እኔ እሥላለሁ። ሥዕል ተምሬ አላውቅም፤ አህያ ስሥል ውሻ ይመስላል። «ግድ የለም፣ ልጆቹ ይከራከሩበታል» ይሉኛል። ወረቀቱን በካርቶን ላይ የምንለጥፈው በዱቄት ሙጫ ነው። ሙጫው መድረሱን የሚያውቁት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ጠብ አድርገው፣ ጣቶቻቸውን ቀስ ብለው በማላቀቅ ነው። ክር ካልሳበ አልበሰለም ብለው እሳት ላይ ይመልሱታል። ሲደርቅ ጠርዙን በአቡጀዲ እንሰፋዋለን።

የትምህርቱ አካሄድ ይህ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የሥዕል መጽሐፉን ብቻ እናነባለን፤ ስለ ልቦለዱ አንድም ቃል አናነሣም። በማግስቱ ልቦለዱን እናነብና ጠቃሿ ዓረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ ሁለቱን መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እንከፍታቸዋለን። መምህር ወንድይራድ ቀይ ክር አላቸው። የክሩን አንድ ጫፍ ልቦለዱ ውስጥ ባለችው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሥዕሉ ላይ ያኖሩታል። ከዚያ ሦስቱ ጥያቄዎች ይከተላሉ።

የስምንተኛ ክፍሉ ልቦለድ ስለ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ነበር። ሰውየው ማንም እንዳይቀየመው ብሎ ለሁሉም እሺ ይላል። አበድረኝ ያለውን እሺ፣ ዋስ ሁነኝ ያለውን እሺ። መሀል ላይ ደራሲው፣ ነጋዴው «ባለ ሰባት በር ሆኖ አረፈው» ይልና ያልፋል። ተረቱን የቡራዩ ልጆች አያውቁትም፤ ደራሲው ባደገበት አገር የሚነገር ነው። መምህር ወንድይራድ ያውቁታል። አንድ ሰው እንግዳ መግቢያ እንዳያጣ ብሎ ሰባት በር ያለው ቤት ይሠራል። እንግዳ አልመጣም፤ ነፋስ መጣ። ሰውየውም ዕድሜውን አንዱን በር ሲዘጋ ሌላው እየተከፈተበት ጨረሰው። ይህን በስምንት ገጽ ሥዬ አቀረብኩ። በሮቹን በየቀለማቸው ሳደርጋቸው የተሰማኝን ኩራት አሁንም አስታውሳለሁ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ቱፋ ነበር። በዚያ ዘመን ትልልቅ ሰዎች ከልጆች ጋር መማራቸው ብርቅ አይደለም። ቱፋ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ታናናሾቹን ያሳደገ፣ ከዚያ የተመለሰ፣ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ካባው ውስጥ ድንጋይ ይፈልጣል። ሐሳቡ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተናን አልፎ ድሬሰር መሆን ነው፤ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ መርፌ ወግቶ፣ ቁስል አጥቦ። ሒሳብ ላይ የሚስተካከለው አልነበረም። አማርኛ ግን አንድ ጊዜ ጥሎታል። ቃሉን ሁሉ ያውቃል፣ ምንባቡ ግን ይሸሸዋል።

የሥዕል መጽሐፉን ይዤ የገባሁ ቀን ልጆቹ ተንጫጩ። ቱፋ ዘንድ ስደርስ ስምንቱን ገጽ አንድ በአንድ ገለጠና መለሰልኝ።

«ሚስ፣ ይህ ለማን ነው?»

«ለሁላችንም ነው፣ ቱፋ።»

«እኔ የልጅ አባት ነኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ ሌሎቹም ሳቁ። ቱፋ ደብተሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና፣ ጎንበስ ብሎ በሩን አልፎ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። የፈተናው መመዝገቢያ ጊዜ ደግሞ እየደረሰ ነበር።

በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ቱፋን ሌላ አስተማሪ አልሰደበውም፤ ድህነትም አላባረረውም። ከትምህርቱ ያስወጣው ለእሱ ስል ያበጀሁት ነገር ነው። መጻሕፍቱን ሰብስቤ መምህር ወንድይራድ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳቸውና፣ «ይቅርብን» አልኳቸው።

እሳቸው አንዱን አነሡና እንደ አዲስ አነበቡት። «ቅዳሜ ቤቱ ሂጂ» አሉኝ። «መጽሐፉን ያዢ። ለእሱ ግን አትስጪው፤ በቤቱ ውስጥ ካለው ትንሽ ሰው ጋር ተነጋገሪ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። የቱፋ ቤት ከባሕር ዛፉ ወዲያ ነው። እናቱ አዴ ሎሚ ደጃፉ ላይ ገብስ ያሰጣሉ። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም።

«አካም ቡልተን፣ ባርሲስቱ? ታኣ፣ ታኣ!» ብለው በርጩማ አቀረቡልኝ። እንዴት አደርሽ አስተማሪዋ፣ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ቱፋ ከጓሮ መጣ። ሰላምታው ጨዋ ነበር፤ ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያያል። እኔም ስለ ትምህርት ምንም አላነሣሁም። ትንሿ ልጁ ቦንቱ በአያቷ ቀሚስ ተሸሽጋ ትሰልለኛለች። መጽሐፉን አወጣሁና ለእሷ ዘረጋሁላት።

ቦንቱ ቀይዋን በር በጣቷ ነካች፤ ከዚያ ሰማያዊዋን። «ባልበላ» አለች። በር ማለት ነው። ገጹን ገልጣ ሰውየውን ስታይ ወደ አባቷ ሮጠችና ጭኑ ላይ ወጣች። መጽሐፉን ከፍታ እጁ ላይ አኖረችው።

«አንብብላት እንጂ!» አሉ አዴ ሎሚ በኦሮምኛ። ወደ ጽሑፉ እየጠቆሙም፣ «ማል ጄዻ?» አሉት፤ ምን ይላል?

ቱፋ እኔን አየኝ። እኔ ገብሱን አየሁ። እሱም አማርኛውን በልቡ እያነበበ በኦሮምኛ ይነግራቸው ጀመር። መጀመሪያ በችኮላ ነበር። ቦንቱ «እንደገና» ስትለው ቀስ አለ። ነፋሱ ሲመጣ «ፉፉፉ» አለ፤ በር ሲዘጋ መሬቱን በእግሩ መታ። አዴ ሎሚ ገብሱን ትተው አጠገቡ ተቀመጡ። ታሪኩ ሲያልቅ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁና ጣታቸውን ወደ ልጃቸው ቀሰሩ።

«አባ ባልበላ ቶርባ!» አሉት። ባለ ሰባት በሩ! ከዚያ ያዥጎደጉዱት ጀመር፤ ካባው ሲጠራህ እሺ፣ ወንድምህ ሲጠራህ እሺ፣ የእድሩ ዳኛ ሲጠራህ እሺ፤ አንዱንም ሳትዘጋ ነው የምትውለው እያሉ። ሚስቱም ከቤት ውስጥ ሆና ሳቀች።

ቱፋ አልሳቀም። መጽሐፉ ጭኑ ላይ እንደተከፈተ ቆየ።

«ሚስ» አለኝ፣ «ያ ነጋዴ... ሰው እንዳይቀየመው ብሎ ነው እንዴ ቤቱን የከፈተው?»

«ምን ይመስልሃል?»

«እኔ እኮ ልቦለዱን ቀድሜ ለብቻዬ ሳነብ ሰባት በር ያለው ሱቅ የገዛ መስሎኝ ነበር። ሀብታም ሆነ ብዬ አለፍኩት።» እናቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «እናቴ አሁን ያለችኝም እኮ እሱን ነው። ታሪኩን እንደገና አልነገረችኝም፤ ስሙን ብቻ ጠራችውና ሁሉም ነገር መጣ።»

እኔ ለብዙ ሳምንት ተዘጋጅቼበት ማስረዳት ያልቻልኩትን ነበር የነገረኝ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ቱፋ በቦታው ተቀምጦ አገኘሁት። የሳቀው ልጅ አጠገቡ ነበር። ቱፋ ግማሹን ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ላይ «ባለ ሰባት በር» ብሎ ጻፈና ሦስቱን ጥያቄዎች ራሱ መለሳቸው።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ሌላ ሆነ። ልጆቹ ከየቤታቸው ተረት ይዘው ይመጡ ጀመር። ከሰሜን የመጡ የነጋዴና የጸሐፊ ልጆች በአማርኛ፣ የገበሬዎቹ ልጆች በኦሮምኛ ይነግራሉ፤ ቱፋ ያስተረጉማል፣ እኔ እሥላለሁ። አንዱ ስለሌላው ሲናገር አዲሱን ተረት በስሙ ይጠራል። የሱሉልታው ዳይሬክተር ያን ጫጫታ ቢሰማ ራሱን ይስት ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ኢንስፔክተር መጡ። ሳናያቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ወደ ውስጥ ሲገቡ አንዲት ልጅ በኦሮምኛ ስለ አንድ ጅብ እየተናገረች፣ ጺም ያወጣ ቱፋ ደግሞ የጅቡን ሥዕል ከፍ አድርጎ ይዟል። ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው እስኪያበቃ ጠበቁ። ከዚያ ወደ መምህራን ክፍል ጠሩን።

«የሰማሁት ቋንቋ ምንድን ነው?» አሉ።

«ተረቱ የመጣበት ቋንቋ ነው፣ ጌታዬ» አሉ መምህር ወንድይራድ። «ጽሑፉ በአማርኛ ነው።»

«በክፍል ውስጥ የሚፈቀደውን ያውቃሉ። ይህ ሥዕል ደግሞ ለስምንተኛ ክፍል የሚሰጥ አይደለም፤ የአንደኛ ክፍል ነው።»

«ለአንደኛ ክፍል ግን ይፈቀዳል?»

«እንዴታ! ለሕፃናት ነው እንጂ የተሠራው።»

«እንግዲያስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ መምህር ወንድይራድ፣ ዝቅ ብለው እጅ እየነሡ።

የኢንስፔክተሩ ሪፖርት መጣ። መጻሕፍቱ ከስምንተኛ ክፍል እንዲነሡ፣ መምህር ወንድይራድም እንዲጠነቀቁ የሚል ነበር። በዚያ ዓመት የዳይሬክተርነቱን ቦታ ይጠብቁ ነበር፤ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንድም ቀን ሲያነሡት አልሰማሁም። ብቻ በሚቀጥለው ዓርብ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ አሰልፈው ወደ አንደኛ ክፍል ወሰዷቸው። «እነዚህ ለሕፃናቱ አንባቢ ናቸው» አሏት የአንደኛ ክፍሏን አስተማሪ። እያንዳንዱ ትልቅ ተማሪ ሁለት ሕፃን ይዞ ተቀመጠ። ቱፋ ላይ አራት ተንጠላጠሉበት፤ አንዷ ጺሙን ትጎትታለች። ለሕፃን ለማንበብ ደግሞ ተረቱን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሕፃን «ለምን?» ይላልና። ሰኞ ልቦለዱን ስንከፍት የሥዕል መጽሐፉ ክፍሉ ውስጥ የለም፤ ሁሉም ግን በልቡ ይዞታል። መምህር ወንድይራድ ቀይ ክራቸውን ከልቦለዱ ይጀምሩና ጫፉን በባዶው ጠረጴዛ ላይ ይተዉታል። ልጆቹም ይስቃሉ።

ቱፋ ፈተናውን አለፈ። እውነቱን ለመናገር የዚያ ዓመት የአማርኛ ፈተና አንድም ጠቃሽ ዘይቤ አልጠየቀም። ይህን ለመምህር ወንድይራድ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቱፋ ወደ ድሬሰሮች ማሠልጠኛ ሲሄድ ሊሰናበተን መጣ፤ ቦንቱን ትከሻው ላይ አድርጓት ነበር። በኋላ ሆለታ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሁሉ «ቀስ ብሎ የሚወጋው» ይለዋል አሉኝ።

እኔ ወደ ሰበታ ተዛወርኩ። መምህር ወንድይራድ አውቶቡስ ድረስ ሸኙኝ። ቀዩን ክር ግማሹን ቆርጠው ሰጡኝና፣ «አሁን ያላየሁትን ተረት ፈልጊልኝ» አሉኝ። ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው እስኪገቡ በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። የሠራሁትን የሥዕል መጽሐፍ ሁሉ መጀመሪያ የማሳየው ለእሳቸው ነው፤ መጀመሪያ ስለ ሙጫው ነው የሚናገሩት።

ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ነው። ከፉሪ ኮረብታ ስር ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በፈረቃ ሰዓት በሴቶች ይሞላል፤ ነጠላቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ በረዶ ያርፋል። ብዙዎቹ የተማሪዎቼ እናቶች ናቸው። እዚያ ሥዕሉን ለልጆቹ ተውኩላቸው፤ እኔ ሙጫውን ብቻ አበስላለሁ። የኔ አህያ ምን እንደሚመስል ያዩ ልጆች እርሳሱን ራሳቸው ነጠቁኝ ማለት ይቀላል።

ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ሰናይት ትባላለች። ከእናቷ ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዝምተኛ ልጅ ነች፤ ስትጽፍ ግን እጇ አይቆምም። በቤታችሁ ስላለ ሰው ጻፉ ባልኩበት ቀን ስለ እናቷ ጻፈች። የምትነሣበትን ሰዓት፣ የምታሽገውን ምሳ፣ ሳሏን። መጨረሻው ላይ፣ «እናቴ ዛሬም የጨው ድልድዩን ተሻግራ መጣች» የሚል አለ።

ዓረፍተ ነገሯን ደጋግሜ አነበብኳት። ከየት እንደመጣች አላወቅኩም። ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ አገላበጥኩ። ክፍሉን ጠየቅኩ፤ ከሰናይት በቀር የሚያውቅ የለም።

«ከየት ነው ያመጣሽው?» አልኳት።

«ፋብሪካው ውስጥ ነው የሚነገረው፣ ሚስ። ሴቶቹ ክር ሲቀጥሉ። እኔ ብናገር አላሳምረውም፤ እናቴን ይጠይቋት።»

በማግስቱ ከሰዓት የፈረቃ ደወል ሲደወል ፋብሪካው በር ላይ ቆምኩ። ወይዘሮ ዘርፌ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። በእኔ እድሜ ያለች፣ ፊቷ የከሳ ሴት ናት። ስታየኝ ደንግጣ ሮጠች።

«ምነው? ልጄ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። አንድ ነገር ላስተምርሽ ብዬ ሳይሆን፣ እንድታስተምሪኝ ነው የመጣሁት» አልኳትና የሰናይትን ዓረፍተ ነገር ነገርኳት።

ወይዘሮ ዘርፌ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከአጥሩ ስር ካለው ድንጋይ ላይ ብናኙን አራግፋ፣ «ይቀመጡ» አለችኝ። አጠገቤ ተቀመጠች። ጓደኞቿ እየተሰናበቷት አለፉ።

«አንዲት እናት ናት» አለች። «ሥራዋ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ልጇ ከወዲህ። መሻገሪያ የለም። ያላት ጨው ብቻ ነው። የጨው አሞሌ ደርድራ ድልድይ ሠራች። ጠዋት በእሱ ትሻገራለች፣ ማታ በእሱ ትመለሳለች፤ የልጇን ምግብ ይዛ። ግን እግሯ እርጥብ ነው። በተሻገረች ቁጥር ጨው ይሟሟል። አንድ ቀን እንደሚያልቅ ታውቃለች። ብትቀርም ልጇ ይራባል።»

ሳሏ ያዛት። እስኪያልፍላት ጠበቅኩ።

«እና ምን ሆነ?»

«የመጨረሻዋ አሞሌ ከእግሯ ስር ስትሟሟ ወንዙ ውስጥ ወደቀች። ልጁ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አድጎ፣ ዋና ችሎ ነበር። ገብቶ አወጣት።»

ከየት መጣህ፣ ምን ይዘህ መጣህ የሚሉትን ጥያቄዎች ተመልሰው አገኘኋቸው። ሦስተኛውን ግን ልጠይቃት አልቻልኩም፤ ደረቷ ሲያፏጭ እሰማ ነበር።

«እኔ ሥራ ላይ ለጓደኞቼ ስናገር ሰምታ ይሆናል» አለች ወይዘሮ ዘርፌ። «ምሳዬን ስረሳ ልታመጣልኝ ትመጣ ነበር። እኔ ጨዋታ ነው ብዬ እንጂ...» እጆቿን ተመለከተች፤ የጣቶቿ ጫፍ በክር ተቆራርጧል። «ስለ እኔ ጻፈችው?»

«ስለ አንቺ ነው።»

«ፈርታልኛለች ማለት ነው።»

ወይዘሮ ዘርፌ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች፤ ብናኙ በአየሩ ላይ ተበተነ። ጥቂት እርምጃ ከሄደች በኋላ ዞር አለች።

«ነገ ክፍል ስትገባ ይንገሩልኝ፣ ሚስ» አለችኝ፤ ፈገግ እያለች። «ጨው ገና ብዙ አለ ብላለች እናትሽ፣ ይበሉልኝ። አንቺ ዋናሽን ተማሪ ብላለች ይበሏት።»

በማግስቱ ልክ እንደተላክሁት አደረስኩ። ሰናይት ሰማችኝ፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ደብተሯን ከፈተችና መጻፏን ቀጠለች።